እትዬ ዘነቡ የሚጠብቁት መድኃኒት

ከደባርቅ የወጣሁ ለት ጎህ ሳይቀድ አክስቴ እትዬ ዘነቡ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። ከስሜን ተራራ፣ ከሳንቃ በር በኩል የሚወርደው ብርድ ጣት ይቆርጣል። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ጡታቸው ላይ እብጠት ወጥቶ ሐኪሙ ጎንደር ሄደው ኦፕራሲዮን ይሁኑ ብሏቸው ነበር።

«እኔን ቢላዋ አይነካኝም» አሉ፣ ጋቢያቸውን እያጣፉ። «አንቺ መድኃኒቱን ልትሠሪ አይደል የምትሄጂው? እጠብቅሻለሁ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ የምሄደው ልማር ነው።»

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። አልሰሙኝም፤ ወይም መስማት አልፈለጉም።

እዚህ ጀርመን የምሠራው ኢንዶል በሚባል ኬሚካል ላይ ነው። ከአበባ የተገኙ የኢንዶል መድኃኒቶች ዛሬም ለአንዳንድ ካንሰር ይሰጣሉ፤ እኛ ደግሞ አዳዲስ ዘመዶቹን በላቦራቶሪ እንሠራለን። አንዱ በሳህን ላይ ያለውን የካንሰር ሴል ይገድላል፤ ደስ ይለናል። ከዚያ ጤነኛውንም ሲገድል እናገኘውና እንጥለዋለን። ውርጭ የመታው የዳባት ገብስ እንኳ ለዘር የሚሆን አያጣም፤ ከኛ ግን እስካሁን አንድም የተረፈ የለም።

ኢንዶሉ ደግሞ ይሸታል። ሽታው በልብሴ ገብቶ ቤት ይከተለኛል። አንድ ቀን አከራዬ በሬን አንኳኩ።

«የአገርሽን ምግብ ነው የምትሠሪው?»

«አይደለም፤ ከሥራዬ ነው። የካንሰር መድኃኒት እንሞክራለን።»

አሰብ አደረጉና «የሚውጠው ሰው ያሳዝናል» ብለው መስኮቴን ከፈቱት። ሽሯችን እንዲህ አይሸትም ልል አማረኝ፤ ግን አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ባለፈው እሑድ ለእትዬ ደወልኩ። እብጠቱ አድጓል።

«መድኃኒቱስ?» አሉኝ።

«የኔ ለእርስዎ አይደርስም፣ እትዬ። ቢሳካ እንኳ ስንት ዓመት ይፈጃል። እባክዎ ጎንደር ይሂዱ።»



«ቢላዋውን መች ፈራሁት» አሉ። «ለማኅበርተኞቼ ምን ልበል? በየወሩ ጽዋው ላይ ‹ልጄ መድኃኒቴን እየሠራችልኝ ነው› ስል ከርሜ። ቄሱም መርቀውሻል። አሁን ጎንደር ብሄድ አቃታት ማለት አይደል?»

«አቃታት በሏቸው።»

«ይህንስ ከአፌ አላወጣም።»

«እኔን አይከፋኝም።»

«እኔን ይከፋኛል።» ከዚያ ወሬ ቀየሩ። «ምን በላሽ ዛሬ?»

«ድንች።»

«ያለ በርበሬ?»

«ያለ በርበሬ።»

«ወይ ልጄን፤ የታመምሽውስ አንቺ ነሽ» አሉ። ስለ ጎንደር ደግሜ ሳልጠይቃቸው መስመሩ ተቋረጠ።