መሪው ሲዞር የሚያጓራው ሞተር

ሞተር ሳይክል የምትጠግነውን ሴት ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሽቦ» ይላታል። ከመሪው እጀታ እስከ ሞተሩ የሚዘልቀውን የነዳጅ ሽቦ ልትመርጥልህ ስትል መጀመሪያ የምታየው የመሪህን ቁመት ነው።

የወንድሟ ልጅ ነገ ጭቃ ላይ ይወዳደራል። ቆሞ ለመንዳት እንዲመቸው ከፍ ያለ መሪ አስገጥሞ፣ አዲስ ሽቦ ይዞ መጣ።

«አክስቴ፣ የፋብሪካው ልክ ራሱ ነው።»

«ልክነቱ ለድሮው መሪ ነው። እስቲ ግጠመውና እንየው።»

ገጠመው። እሷም ሞተሩን አስነሳችና የነዳጅ መስጫውን እጀታ ሳትነካ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞረችው። ሞተሩ አጓራ! ምክንያቱ ሲገባህ ደስ ይላል፦ መሪው ከፍ ሲል የሽቦው መንገድ ይረዝማል፤ ሲዞር ደግሞ ያጠረው ሽቦ ይወጠርና ነዳጁን በራሱ ይከፍታል።

«ኩርባው ላይ አንተ ስትቀንስ እሱ ይጨምርልሃል። አንተ ወደ ግራ፣ ሞተሩ ወደ ገደል!»

«ኧረ አታሟርቺብኝ!»

ከመደርደሪያው ረዘም ያለ ሽቦ አወረደች።

«ትንሽ ሲጠመዘዝ ሙሉ ነዳጅ የሚሰጠውን እጀታስ ልግዛ?»

«እሱ ለደረቅ ሜዳ ነው። ጭቃ ላይ ችኩል እጅ ጎማውን ባለበት ያሽከረክረዋል እንጂ አያስኬድህም። የያዝከው ይበቃሃል።»

ረጅሙን ሽቦ ሳይታጠፍ አሳልፈው፣ ትንሽ ላላ አድርገው አሰሩት። አሁን መሪውን ልጁ ራሱ አዞረው፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። የሞተሩ ድምፅ ንቅንቅ አላለም።

«በል እንግዲህ፣ ነገ ከወደቅክ በራስህ ጥፋት ነው» አለችው እጇን እየጠረገች።