ፀሐይ የማያይ ሰማያዊ

እናቴ ዓዲላ ከሚሴ ገበያ ዳር ፈትል ቀለም እየነከረች ነው ያሳደገችኝ። ቀዩን ከሥር፣ ቢጫውን ከቅጠል፣ ጥቁሩን ከቅርፊት ታወጣለች። ሰማያዊ ግን አልሆነላትም። «ከሱቅ ግዢው» ስላት ትቆጣለች። «የሰው አገር ሰማይ አልገዛም! አንቺን የምድርሽ እጄ በሠራው ሰማያዊ ነጠላ ነው፣ ወላሂ!» እልኸኛ ነበረች፤ አላህ ይማራት።

በሁለት ሺህ አንድ ግድም ጨፋ ሸለቆ ኩሬ የሚቆፍሩ ሰዎች መጡ። አልጌ የሚባል፣ ውኃ ላይ የሚራባ ደቃቅ አረንጓዴ ነገር አልምተው ለከረሜላ ፋብሪካ ቀለም ሊያወጡ ነው። እናቴ በጨርቅ ለማጥለል ተቀጠረች። ጎረቤቱ «ዓዲላ አረንቋ ልታጠልል ሄደች» እያለ ሳቀባት።

የኩሬው ባለሙያ ካሚል የደረቀውን አረንጓዴ ዱቄት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ቢያጠልለው፣ ጠብ ያለው ሰማያዊ ሆነ። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሱብሃነላህ! እዚሁ ቦርከና ወንዝ ሥር ተኝተህ ነው ስታንከራትተኝ የኖርከው?» አለችው፣ ቀለሙን።

ኒካሄ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ጥቂት ዱቄት ለምና አመጣችና እንደ ልማዷ ነጠላውን አብራ ቀቀለችው። ሰማያዊው ድስት ውስጥ ሞተ፤ የቀረው እጣቢ ነው። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ካሚል «እትዬ ዓዲላ፣ ይሄ የሚበላ ቀለም እንጂ የሚለበስ አይደለም። እሳትም ፀሐይም ይገድለዋል» አላት።

«እንግዲያው ሁለቱንም አላሳየውም!»

ዳግም ዱቄት ለምና፣ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣ ሌላ ነጠላ ጋን ውስጥ ነከረች፤ ጓዳ ውስጥ አደረቀችው። ከዚያ ጠርዙን ሦስቴ አጥፋ ሰፋችው። «ምን ያደርጋል?» ብላት ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

በሠርጌ ቀን ያየኝ ሁሉ «ማሻአላህ!» አለ። እሷ ግን ጆሮዬ ሥር «ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ ፀሐይ ላይ እንዳትወጪብኝ» አለችኝ።

ሙሽራ ደግሞ ምን ጆሮ አላት! ሴቶቹ በጭብጨባ ሲጠሩኝ ወጥቼ እስከ አስር ሰዓት ጨፈርኩ። ስገባ ነጠላው ነጭ ሆኗል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረቷን እየጠበቅኩ አቀረቀርኩ። እሷ ግን ጨርቁን አገላብጣ አየችና «ለበስሽው አይደል? በቃኝ» አለች።

ኩሬው ከዓመታት በኋላ ተዘጋ፤ ዛሬ ማሽላ ይዘራበታል። እሷም ሄደች። ባለፈው ረመዳን ነጠላዋን ከሳጥን አውጥቼ ሳይ፣ ያ የተሰፋው ጠርዝ ተተርትሯል። ገለጥ ባደርገው ውስጡ ሰማያዊ ነው።

እንደማልሰማት ታውቅ ኖሯል። መስኮቱን ዘግቼ፣ እያለቀስኩ መልሼ ሰፋሁት።