ሞዴሉ የቀረ ዕለት

በሰፈሩ የሥዕል ትምህርት ቤት ሞዴል የሚሆን ሰው ሲጠፋ፣ መምህርቷ ራሷ ወንበሩ ላይ ጉብ ትላለች። ጠዋት ቤቷ ስትስል የነካት ቀለም ከጥፍሯ ሳይለቅ፣ ከንፈሯን ሳታነቃንቅ ታዛለች፦

"ጋሼ፣ እርሳሱን እንደ መኪና መሪ አይጨብጡት!"

ከተማሪዎቿ አንዱ፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ ይስቁና እጃቸውን ያላላሉ። በእሷ ክፍል ከቀለም ይልቅ ጨዋታ ይፈሳል።

የዛሬው ሥዕላቸው ግን ሾፌሩን አሳፈራቸው። ያየሁትን ልሳል ቢሉ፣ ዓይኖቿ ሊያለቅሱ የደረሱ መስለው ቁጭ አሉ። ሊደብቁት ሲሉ መጥታ ከጀርባቸው ቆመች። ያቺ አፏ የማይዘጋ ሴት ዓይኗን ሥዕሉ ላይ ተከለች።

"ላጥፋው እንዴ፣ የኔ ልጅ?" አሏት።

"አፍንጫዬን አስረዝመውታል፤ እሱን ያሳጥሩልኝ" አለች ጎንበስ ብላ። "ዓይኖቼን ግን እንዳይነኳቸው።"