ዴንቨር ትበልጣለች፣ አውሮራ ታድጋለች

ወንድምና እህት በውርስ ይጣላሉ፣ በአማት ይጣላሉ። እኔና ወንድሜ ግን የምንጣላው በሕዝብ ብዛት ነበር። እሱ ዴንቨር ውስጥ፣ ፓርክ ሂል፣ አሮጌ የጡብ ቤት አለው። እኔ አውሮራ ነኝ፤ ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ልታልቅ ስትል ያለው፣ ዛፉ ገና ከሰው ቁመት ያላለፈ ሰፈር ውስጥ። ከእሱ ቤት እኔ ቤት በመኪና ሃያ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ክርክሩ ግን አሥር ዓመት አስኬደን።

ጥፋቱ የአባታችን ነው። አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ልጆች ሳለን ራት ላይ ጸልየን አሜን ካልን በኋላ፣ እጃችን ወደ ትሪው ሳይደርስ ጥያቄ ይመጣል። «ካይሮና ሌጎስ፣ የትኛው ይበልጣል?» ቀጥለው ደግሞ፣ «የትኛውስ ነው ቶሎ የሚያድገው?» ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ እንዳልሆኑ ያወቅነው ከእሳቸው ነው። ቀድሞ የመለሰ የመጀመሪያውን ጉርሻ ይጎርሳል። ወንድሜ ሁልጊዜ ለትልቁ ከተማ ይወግናል፤ እኔ ገና ለሚያድገው። አሜሪካ መጥተን፣ ዴንቨር መሀል ካፒቶል ሂል ሰፈር ካለችው የጋራ አፓርትማችን ወጥተን የየራሳችንን ቤት ስንይዝ፣ እሱ ዴንቨርን እኔ አውሮራን መምረጣችን ማንንም ሊገርም አይገባም።

ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጠዋት ከአውሮራ በኮልፋክስ መንገድ ሰው እየጫነ ዴንቨር ያራግፋል፤ ማስረጃውም ይኸው ነው። «ከተማሽ ከተማ ብትሆን ኖሮ በጠዋት ጥላችኋት አትወጡም ነበር» ይለኛል። እኔ የሆስፒታል ምዝገባ ክፍል ውስጥ ስለምሠራ ቀኑን ሙሉ የሰው አድራሻ ስጽፍ እውላለሁ። የአውሮራ ሰው አድራሻውን ሲነግረኝ ካውንቲው፣ እንደኛ አገር ወረዳ ማለት ነው፣ የትኛው እንደሆነ ደግሜ መጠየቅ አለብኝ፤ ከተማዋ በሦስት ካውንቲ ላይ ተዘርግታለችና። ይህን እያነሳሁ እኮራበታለሁ። «የአንተ ዴንቨር መዋያ ናት» እለዋለሁ። «ሰው የሚቆጠረው በሚያድርበት ነው።»

እናታችን ካረፈች በኋላ አባታችንን ወደዚህ አመጣናቸው። ማን ጋ ይኑሩ ሲባል ሁለታችንም እኩል «እኔ ጋ!» አልን። አንድ ወር እሱ ጋ፣ አንድ ወር እኔ ጋ ተባለና ተስማማን። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ መረቀን፤ «እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» አሉ። አንድ ሻንጣ፣ አንድ የመድኃኒት ሳጥን፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ፤ ወር በሞላ ቁጥር ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ይጫናል። የት እንደሚኖሩ የጠየቃቸው ሰው ካለ «ልጆቼ ጋ» ብለው ያልፉታል። የትኛው ልጅ ጋ፣ የትኛው ቤት፣ ብሎ የቀጠለ አልነበረም። እኛም አልጠየቅናቸውም። እሳቸውን በልባቸው ያሳስባቸው የነበረው ግን ይኸው ጥያቄ እንደነበር ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

የእኔና የወንድሜ ክርክር ከእሳቸው መምጣት በኋላ ዳኛ አገኘ። አባባ ትንሽ ደብተር ገዝተው በግራ ገጽ ዴንቨርን፣ በቀኝ ገጽ አውሮራን ጻፉ። በወንድሜ ወር አውቶቡሱ ላይ ከፊት ወንበር ተቀምጠው መሀል ከተማ ድረስ ይሄዱና ስንት አዲስ ፎቅ እንደተጀመረ ይመዘግባሉ። በእኔ ወር ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናዬ ውስጥ ይገቡና «እስኪ መጨረሻዋን አሳዪኝ» ይላሉ። አስፋልቱ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ምሥራቅ እነዳለሁ። ከመጨረሻው ቤት አጥር በኋላ ሣር ብቻ ነው፤ አንድ ቀን እንዲያውም ሚዳቋ የመሰሉ እንስሶች ከአጥሩ ሥር ሲግጡ አየን። አባባ ከመኪናው ወርደው፣ ባርኔጣቸውን ነፋስ እንዳይወስደው በእጃቸው ይዘው፣ ገና እንጨቱ ብቻ የቆመውን ቤት አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ባለፈው ስንመጣ እዚህ ጋ ነበር የምታልቀው» አሉ። «ሦስት መንገድ ጨምራለች።»

«አላልኩዎትም አባባ? ይጻፉልኝ!»

«እጽፋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ የሚገባው ሰው ከየት ነው የሚመጣው? ከዴንቨር ለቅቆ ከሆነ እኮ ሰው ከኪስ ወደ ኪስ ተዛወረ እንጂ አልጨመረም።»

ጥያቄው ጥሩ ነበር። መልሱን ስለማላውቅ ሳምንቱን ሙሉ ሆስፒታል የመጣውን ሁሉ «ከዚህ በፊት የት ነበር የሚኖሩት?» ስል ሰነበትኩ። ከዴንቨር የመጣ አለ፤ ከቴክሳስ የመጣ አለ፤ ከኔፓል፣ ከሜክሲኮ፣ ከጎንደር የመጣ አለ። አለቃዬ ይህ ጥያቄ ፎርሙ ላይ እንደሌለ እስክትነግረኝ ድረስ ቀጠልኩ።

የአገሩ የሕዝብ ቆጠራ የመጣው በዚያ የኮሮና በሽታ ዓመት ነው። የወር ተራችን ያኔ ፈረሰ። እኔ ሆስፒታል፣ ወንድሜ አውቶቡስ ላይ፤ ለአንድ ሽማግሌ ከሁለታችን ቤት የትኛው እንደሚሻል የሚያውቅ አልነበረም። እኛ ክፍል ሰው ሲታመም አባባን ወደ እሱ እልካቸዋለሁ። ከሹፌሮቹ አንዱ ሲያስል ደግሞ ወደ እኔ ይመልሳቸዋል። አንዳንዴ በሳምንት ውስጥ ሁለቴ እናመላልሳቸው ነበር። ቆጠራው በኦንላይን የሚሞላ ስለነበር አንድ ቀን የምሳ እረፍቴ ላይ በስልኬ ሞላሁት። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች። «ለአውሮራ አራት ሰው ሰብሚት አድርጌያለሁ!» ብዬ ለወንድሜ ጉራዬን ነዛሁ። እሱም ወዲያው «ለዴንቨር አምስት!» ብሎ ጻፈልኝ። ስቄ ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ውጤቱ የወጣው በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንድሜ ጓሮ ተሰበሰብን። የተሸነፈ የአሸናፊውን መኪና ሊያጥብ ተወራርደናል። የሩቅ ሰደድ እሳት ጭስ ሰማዩን ስላለበሰው ተራራዎቹ አይታዩም። አባባ ጥላው ሥር ሐብሐብ ይበላሉ፤ ደብተሩ ጭናቸው ላይ ነው። ትልቅነቱ ድሮም አላከራከረንም። ዴንቨር ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ናት፤ አውሮራ አራት መቶ ሺህ ልትሞላ ጥቂት ይቀራታል። የእኔ ተስፋ እድገቱ ላይ ነበር። ትልቋ ልጄ በስልኳ አሰላችው። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለቱም አሥራ ዘጠኝ በመቶ ገደማ አድገዋል።

«ኦልሞስት ሴም» አለች። «ባት ዴንቨር ዊንስ። በትንሽዬ።»

ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ፊቴ ላይ አንቀጫቀጨው። እኔ ደግሞ መሸነፍ አልወድም።

«ይኼ ቁጥር ልክ አይደለም!» አልኩት። «አውሮራ ውስጥ ያልተቆጠረው ሰው ስንት ነው! ስደተኛ ፎርም ይፈራል። ባንድ ቤት ሁለት ቤተሰብ ታጭቆ ይኖርና አንዱን ብቻ ይጽፋል።»

«ወሬ ነው። እስኪ ያልተቆጠረ አንድ ሰው ጥሪ። አንድ!»

አባባ የሐብሐቡን ፍሬ ከአፋቸው አውጥተው ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘዙ።

«በነገራችን ላይ» አሉ፣ «እኔን የት ነው የጻፋችሁኝ?»

ምንም ክፋት አልነበረበትም። ለማወቅ ፈልገው ነው። ከሁለቱ ከተሞች ለየትኛዋ አንድ ሰው ሆነው እንደተጨመሩ ደብተራቸው ላይ ሊያሰፍሩ ነው የጠየቁት።

«እሱ ጋ» አልኩ እኔ።

«እሷ ጋ» አለ ወንድሜ፣ ከእኔ እኩል።

ተያየን። «አምስት አላልክም እንዴ?» አልኩት። «እኛ ብቻ አምስት ነን እኮ! እኔ፣ ሚስቴ፣ ሦስት ልጅ!» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ስመዘግብ የምውለው እኔ፣ የወንድሜን ቤተሰብ ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው። ያልተቆጠረ ሰው አለ ብዬ የጮህኩት እኔ፣ ሰውየው ደግሞ ፊት ለፊቴ ሐብሐብ የሚበሉት አባቴ።

እዚያ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። አላቆምንም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

«ቆጠራው የሚጠይቀው ኤፕሪል አንድ ቀን የት እንደነበሩ ነው፤ ያን ቀን አንተ ጋ ነበሩ!»

«ኖ ኖ፣ ያን ሳምንት አንቺ ጋ ነበሩ። እኛ ቤት ልጁ አሞት አልነበረም?»

«ያን ዓመት በብዛት የቆዩት አንተ ጋ ነው። የምታድርበት ቦታ ነው የሚቆጠረው፣ ሩሉ እንደዛ ነው!»

«የመድኃኒት ፖስታቸው የሚመጣው በማን አድራሻ ነው? ባንቺ! ታዲያ እንዴት ነው እኔ የምጽፋቸው?»

አሥር ዓመት ሙሉ እያንዳንዷን ጎጆ ለከተማችን ስንሻማ የኖርን ሰዎች፣ አንድ አባት ስናገኝ ያዝ ልቀቅ አልን። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ልጄ ክንዴን ስትይዘኝ ነው ድምፄ ምን ያህል ከፍ እንዳለ የሰማሁት።

«መጋቢት ሃያ ሦስት» አሉ አባባ። ቀኑን ሁልጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚይዙት። «ኤፕሪል አንድ ማለት መጋቢት ሃያ ሦስት ነው። አንቺ ቤት ነበርኩ። ጠዋት ወደ ሆስፒታል ስትወጪ በሩ ላይ ቆሜ ጸለይኩልሽ።»

 ወንድሜ በማሸነፉ ደስ አላለውም፤ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ከፋኝ» አሉ አባባ ቀጥለው። «አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ቁጥሩ አይደለም ያስከፋኝ፤ ቁጥሩ ያለ እኔም ይሞላል። አሁን እዚህ ተቀምጬ፣ አንዳችሁ ለሌላችሁ ስትሰጡኝ ነው።»

ሁለታችንም እግራቸው ላይ ወደቅን። «ተነሱ፣ ልብሳችሁን አታቆሽሹ፤ ይቅር ብያለሁ» አሉን፤ ይቅር እንዳሉም አውቃለሁ፣ ቂም የማይችሉ ሰው ናቸው። በማግስቱ ቆጠራውን ላስተካክል ስልክ ደወልኩ። ተዘግቷል፣ የሚቀጥለው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው አሉኝ። ለአባባ ይህን ስነግራቸው «እንግዲህ ያኔ ካለሁ» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ጥቂት ወራት ቆይተው ሐሳባቸውን ነገሩን። ቶርንተን፣ በስተ ሰሜን፣ የጸሎት ባልንጀራቸው የሆኑ ሽማግሌ የሚኖሩበት የአረጋውያን አፓርትማ አለ። እዚያ አንዲት ክፍል ይፈልጋሉ። ወንድሜና እኔ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ወገን ሆንን። «ሰው ምን ይላል? ልጆቻቸው ጣሏቸው አይባልም?» አልን።

«ሰው ያለውን ይበል» አሉ። «እኔ በሬን ዘግቼ ቤቴ ነኝ ማለት አማረኝ።»

«ቶርንተን ግን አባባ» አለ ወንድሜ፣ ነገሩን በቀልድ ሊያለሳልስ፣ «ከሁለታችንም የምታንስ ከተማ!»

«ስንት ሰው እንዳላት አላውቅም። ሄጄ አያለሁ» አሉት። ዓይናቸው ውስጥ ካይሮና ሌጎስን ሲጠይቁን የነበረው ብርሃን ነበር።

የክፍሉ ተራ የደረሳቸው ከዓመት በላይ ጠብቀው ነው። ሊፈርሙ በሄዱ ቀን ሁለታችንም ሥራ ትተን መጣን፤ እኔ ከአውሮራ፣ እሱ ከዴንቨር። የአፓርትማው ሥራ አስኪያጅ፣ ረጋ ያለች ሴት፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው። በክፍሉ የሚኖረው ሰው ብዛት ሲባል አንድ ብለው ጻፉ። ቀጥሎ ያለውን ገጽ ገለበጡና መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይኼኛው ምንድን ነው የሚለው?»

«ድንገት ቢያምዎት የሚጠራ ሰው ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «ስምና ስልክ። አንድ ሰው ነው የሚጻፈው።»

መስመሩ አንድ ብቻ ነበር። ወንድሜን አየሁት፤ እሱም አየኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የእኔ ስም እንዲሆን ተመኘሁ። እሱም እንደተመኘ ከፊቱ ያስታውቃል። «እኔን ይጻፉ» ለማለት ግን በምን አፋችን?

አባባ ከመስመሩ ጫፍ ጀመሩ። በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የወንድሜን ስምና ስልኩን ጻፉ። ብዕሩን ሳያነሱ ቀጠሉና ከጎኑ የእኔን ጀመሩ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አንድ ሰው እንደሚበቃ በትህትና ነገረቻቸው።

«ቱ» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ቀና ሳይሉ። «ማይ ቺልድረን፣ ቱ።»

ቦታው ስላልበቃ የስልኬ የመጨረሻ ቁጥሮች ከመስመሩ ወጥተው ወደ ወረቀቱ ጠርዝ ወረዱ። ወንድሜ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ ሁለታችንንም ቆጥረው እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።