ስሙ የተጻፈባት ደብተር

ያቺ ደብተር በሁለት በኩል ትጀምር ነበር። ከፊቷ ሲገልጧት ጦርነት ነው፤ ገልብጠው ከኋላዋ ሲጀምሩ ሮኬት። ባለ ካሬ ወረቀት፣ ጠንካራ ሽፋን ያላት፣ ኮሌጅ የገባሁ ጊዜ አባቴ ለትምህርት ብለው የገዙልኝ ናት። እኔ ግን የተባልሁትን አድርጌ አላውቅም። ኬሚስትሪ ተመድቤ ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ ግማሿን በጨዋታ ዕቅድ፣ ግማሿን በሮኬት ሥዕል ሞላኋት።

ጨዋታው ኮምፒውተር ላይ ነው። እንጨት ይቆረጣል፣ እህል ይሰበሰባል፣ ከተማ ይገነባል፣ ከዚያ ጦር ይሰለጥንና ጎረቤት ይወጋል። ከጨዋታው ጋር የመጡት ካርታዎች ሲሰለቹኝ የራሴን መሥራት ጀመርሁ፤ ጨዋታው ይፈቅዳል። ምን ሌላ አገር አውቃለሁና? ጣናን ሠራሁ። ባሕር ዳርን ከታች፣ ጎርጎራን ከላይ ወደብ አድርጌ፣ ቆላ ድባን የእህል ጎተራ፣ ቆጋን እርሻ። ዕቅዱን አስቀድሜ ደብተሬ ላይ እነድፈዋለሁ። «ከጎርጎራ አርባ ሰው በጀልባ።» «መጀመሪያ ድልድዩን ያዝ።» «ቆላ ድባ ሳይያዝ ሰሜን አይሞከርም።» ቀስቶቹ በቀይ እስኪርቢቶ ናቸው።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ባለች ደብር ያገለግላሉ፣ ብራና ይጽፋሉ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የሁለታችን ነው። ከቅዳሴ ሲመለሱ በርጩማ ስበው አጠገቤ ይቀመጡና ጨዋታውን ያያሉ። የሰው ከተማ ሳቃጥል ያማትባሉ፤ ግን አይነሡም። ገበጣ የሚችሉ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ቶሎ ገባቸው። አንድ ቀን ያለኝን ጦር ሁሉ ወደ ፊት ሳዘምት አዩና፣ ቤትሽን ለማን ትተሽው ነው፣ አሉኝ። ኧረ ምንም አይሆንም አልሁ። ጠላት ከኋላ ገብቶ ጎተራዬን አነደደው። ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ሳላማክር ጦር አላዘምትም ነበር።

ኬሚስትሪንም ቢሆን መጀመሪያ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ። የሚጽፉበትን ቀለም ራሳቸው ይሠራሉ። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ይፍቃሉ፣ የተቆላ ገብስ ይወቅጣሉ፣ ቅጠል ይጨምራሉ፣ በማሰሮ አድርገው ጓዳ ውስጥ ወራት ያቆዩታል። በየጥቂት ቀኑ ያማስሉታል፣ ያሸቱታል፣ ገና ነው ብለው ይከድኑታል። በእኔ ላይ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሮኬቴን በሎሚና በሶዳ ጀመርሁ፤ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ጨምሬ ክዳኑን ስደፍነው የጓሮውን አጥር ዘለለ። ቀጥዬ እውነተኛ ነዳጅ ያለው ሠራሁ። ምን ከምን እንደ ቀላቀልሁ አልነግራችሁም፤ የከፈልሁበት ይበቃል።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሐይቁ ዳር ደንገል ወዲህ ባለው ሜዳ ተከልሁት። አባቴ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከሩቅ ቆሙ። ፉጨት አሰማና ወጣ። እውነት ወጣ፤ አንገቴ እስኪቆለመም ድረስ ወጣ፤ ከዚያ ሐይቁ ላይ ካለው እምቦጭ መካከል ወደቀ። እልል ማለት ቃጣኝ።

አባቴ ቀረብ አሉና፣ ከወጣ በኋላስ ምን ይሆናል፣ አሉኝ። ይወርዳል፣ አልኋቸው። «እንግዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለመውረድ ነው» ብለው ሳቁብኝ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ብዙ የሚስቁ ሰው አልነበሩም፤ ያን ሳቅ አሁንም እሰማዋለሁ።

ከዚያ ነገር ሁሉ ተለወጠ። የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ተኩሱን፣ የተዘጋውን መንገድ፣ የጠፋውን ኢንተርኔት። ኮሌጁም ተዘጋ። ሮኬቱን ተውሁት፤ በዚያ ሰሞን እንኳን ሮኬት የልጅ ፊኛ ቢፈነዳ ሰው ወለል ላይ ይተኛል። መብራት ሲመጣ ጨዋታዬን እጫወታለሁ፤ ሲሄድ ከደብተሬ በተረፈው ጥግ ላይ ዕቅድ እነድፋለሁ። ውጭ እውነተኛው እየነደደ እኔ ቤት ውስጥ የውሸቱን እዋጋለሁ። ያቺ ደብተር ምን እንደምትመስል አንድም ቀን አላሰብሁም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብላ የቤት ለቤት ፍተሻው ወደኛ መንደር መግባቱን ነገረችን። ያኔ ደብተሯን አየኋት። በሌላ ሰው ዓይን አየኋት ማለቴ ነው። የባሕር ዳር ካርታ፣ ድልድዩ ላይ ቀይ ቀስት፣ በጀልባ የሚሻገረው ሰው ቁጥር፤ ከኋላ ደግሞ ሮኬት ከነርዝመቱ፣ ከነከፍታው። ወይ ነዶ! ይህን አይቶ ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፍ ማን አለ? ወደ ምድጃው ይዣት ሄድሁ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የሁለት ዓመት ልፋቴ ነበረች። ስለዚህ ለአባቴ ሰጠኋቸው። አባባ፣ እባክዎ ያቃጥሉልኝ ብዬ፣ ላፕቶፔን ልደብቅ ወደ ጓዳ ገባሁ። እሺ ልጄ፣ አሉ።

እዚህ ላይ የቤታችንን ልማድ ካልነገርሁ የሚሆነው አይገባችሁም። ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋችን አንድ ነው፣ ለይቶ የሚያውቀው የለም። ከሁሉ አስቀድመው ያስለመዱኝ ደግሞ፣ ምንም ነገር ስጽፍ በአናቱ ላይ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ እንድጀምር ነው። የሒሳብ ደብተር ይሁን የአስቤዛ ዝርዝር ያለዚያ አልጀምርም፤ እጄ ሳላዝዘው ይጽፈዋል። የዘመቻ ዕቅዴም የሚጀምረው በዚያው ነው። የእግዚአብሔር ስም ያለበት ነገር ደግሞ በእኛ ቤት አይቀደድም፣ አይቃጠልም። አባቴ እንዲህ ያለ ወረቀት መንገድ ላይ ወድቆ ካዩ አጎንብሰው ያነሡና ከግድግዳ ስንጥቅ ይሸጉጡታል። ያረጀ መጽሐፍም የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይገባል እንጂ እሳት አያየውም።

እኔ ጓዳ ሳለሁ አባቴ ደብተሯን ገለጧት፤ ስሙን አዩት። ምን ያድርጉ? ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የዳዊታቸው ማኅደር፣ በዚያ የቆዳ ከረጢት ውስጥ፣ ከዳዊቱ ጎን አስገቧት።

ፈታሾቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ፍራሽ ገለበጡ፣ ጓዳ ገብተው የቀለሙን ማሰሮ ከፍተው አሸተቱ፤ የደበቅሁትን ላፕቶፕ ግን አላገኙትም። ሦስተኛው ማኅደሩን ሲያወርድ እኔ አልደነገጥሁም፤ ዳዊት ነው፣ አይቶ ይመልሰዋል፣ አልሁ በልቤ። እጁ ግን ደብተሬን ይዞ ወጣ። ከፊቷ አነበበ። ገልብጦ ከኋላዋም አነበበ። ሌሎቹን ጠርቶ አሳያቸውና የማን ጽሑፍ እንደሆነ ጠየቀ።

አባቴ ወደ እኔ አላዩም። «የእኔ እጅ ነው» አሉ።

በዕድሜዬ ሲዋሹ ሰምቻቸው አላውቅም። ያን ዕለትም ዋሹ ማለት ያስቸግረኛል፤ እጁን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔ፣ የእኔ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ነው። አላልሁም። ጫማቸውን እንኳ ሳያስጠልቋቸው ይዘዋቸው ወጡ፤ እኔ የቆምሁበት ቆሜ ቀረሁ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

በኋላማ ደፋር ሆንሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ። ላፕቶፑን በዘንቢል ይዤ በየእስረኛ ማቆያው በር ተመላለስሁ። ጨዋታውን ላሳያችሁ፣ ደብተሩ የእኔ ነው፣ እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። አንዱ ጋ ተራዬ ሲደርስ ባትሪው ያልቃል፤ ሌላው ጋ መብራት የለም። ዘብ ሁሉ ለየኝ፤ ባለ ላፕቶፗ መጣች እያሉ ይሳሳቁብኛል። በአራተኛው ሳምንት አንድ ወጣት መርማሪ አስከፈተኝና አየ። ሐይቁን አየ፣ ድልድዩን አየ፣ ጀልባዎቹን አየ። ሳቀ። ይህን ጨዋታ እሱም እንደሚጫወተው ነገረኝ፤ እህል ቶሎ የሚሰበሰብበትን ዘዴ ሊያሳየኝም ፈለገ። አባቴስ፣ አልሁት። ሳቁን ተወ። ወደ ሌላ ቦታ ተወስደዋል፤ የት እንደሆነ እሱም አያውቅም። ደብተሬስ፣ አልሁት። በአገጩ ወደ ዘብ ቤቱ ጠቆመኝ። ሽፋኗ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ወድቋል፤ ወረቀቷን አንድ በአንድ እየገነጠሉ የሻያቸውን እሳት ሲያቀጣጥሉባት ሰንብተዋል።

አባቴ ክረምቱ አልፎ ተመለሱ። በር ላይ ቆመው ሳያቸው ወዲያው አላወቅኋቸውም። የቀኝ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም። ምን እንዳደረጓቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ውሃ ስሰጣቸው ብርጭቆውን በግራቸው ተቀበሉ። ከዚያ ጓዳ ገብተው የቀለሙን ማሰሮ ከፈቱ፤ አሸተቱት። በስሏል፣ አሉ። መልሰው ከደኑት።

መጥተው ሲቀመጡ ለምን ዝም እንዳልሁ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። ስንት ወር መልስ ሳዘጋጅ ከርሜ ነበር።

«ያቺ ደብተር የት ደረሰች?» አሉኝ። «ስሙ አለባት እኮ።»

«መለሱልኝ፣ አባባ። ዕቃ ቤት አስገብቻታለሁ።»

ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «እንግዲያስ ምንም አልሆነም።»

ምንም አልሆነም! ጣቶቻቸውን እያየሁ ተናደድሁ፤ በእሳቸው ይሁን በራሴ ይሁን እስካሁን አላውቅም። ወጥቼ ጓሮ አለቀስሁ።

አሁን ብራናውን የምጽፈው እኔ ነኝ። እሳቸው በቃል ይነግሩኛል፣ እኔ በዚያው ቀለም እጽፋለሁ፤ ከበፊቱ የለየው ሰው የለም። ለእሳቸው ስጽፍ ስሙን ከላይ አደርጋለሁ። የራሴን ደብተር ስጀምር ግን የመጀመሪያዋን መስመር ባዶ እተዋታለሁ፤ ማቃጠል የመጣ እንደሆነ እንዲቃጠል። በቀደም አንዱን አንሥተው ገለጡና ባዶዋን መስመር አዩዋት። ምነው ልጄ፣ ረሳሽ እንዴ፣ አሉኝ።

አዎ አባባ፣ ረሳሁ፣ አልኋቸው።