የሟርት ትምህርት

ሰበታ ውስጥ፣ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በላይ በተከራየነው ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። «ኢፍ» የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ለዓመታት ያልቀየርኩት እቅድ ነበረኝ። ሎተሪ ቢደርስህ ምን ትገዛለህ? ወፍ ብትሆኚ የት ትበሪያለሽ? ተማሪው ይስቃል፣ እኔም ሳልደክም ሰዓቱ ያልቃል። እውነቱን ለመናገር ስንፍና ነበር።

ያንን እቅድ ያስቀደደችኝ አንዲት ተማሪዬ ናት። በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች፤ እዚያው አካባቢ ልብስ የሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ ስምንት ዓመት ማሽን ላይ ሠርታለች። ለፈረቃ ኃላፊነት ተወዳድራ ነበር፤ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ሆነና አንድ ጥያቄ ላይ ወደቀች። «የአንዲት ሠራተኛ እጅ ማሽን ውስጥ ቢገባ ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት። ጥያቄው ገብቷታል። እሷ ግን በኦሮምኛ «ዋቅኒ ኑ ሃ ኦልቹ» አለች፣ ፈጣሪ ያውጣን ማለቷ ነው። ደግመው ሲጠይቋት «ኖ፣ ኖ» አለች።

«ቲቸር፣ እንዴት ብዬ በሰው ልጅ ላይ በአፌ ላሟርት?» አለችኝ። የተመረጠው ሰው ሥራውን ትቶ ስለሄደ ለረቡዕ እንደገና ጠርተዋታል። ካለፈች ከሌሊት ፈረቃ ትወጣለች፤ ብቻዋን የምታሳድጋት ልጇም ጎረቤት ቤት ማደሯ ይቀራል።

አርብ፣ በሥራ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት እንደተመለስኩ አዲስ እቅድ ማውጣት ጀመርኩ። እሳት ቢነሳ። ልጅሽ ብትታመም። እናትህ... እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ «አያድርገው» ስል ራሴን ያዝኩት። ለካ እኔም ያው ነኝ። እኛ ቤት «ብሞት» ብሎ የጀመረ ሰው «ጠላትህ ይሙት» ሳይባል ነገሩን ጨርሶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር አለማስተዋሌ አናደደኝ። እናም እቅዱ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ መጀመሪያ ሁሉም በየቋንቋው «አያድርገው» ይበል፣ ከዚያ ክፉው ነገር ይነሳ፣ ከዚያ መላው ይፈለግ።

ቅዳሜ ግን ክፍሉ አኮረፈ። በጥበቃ ሥራ የሚተዳደሩት አዛውንት ተማሪዬ «ልጄ፣ በሰላም ቀን ምን አመጣሽብን?» አሉኝ።

«ኦቦ፣ አንቱስ ሌባ ቢመጣ ብለው አይደል የሚጠብቁት?» አልኳቸው። ሳቁ፤ ዓረፍተ ነገር ግን አልወጣቸውም።

ያኔ የፋብሪካዋ ተማሪዬ ተነሳች። «በሰው ላይ አልልም። በራሴ ልጀምር» አለችና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ቀጠለች። እኔ ብሞት ልጄን እህቴ ትወስዳታለች። የእህቴ ባል እምቢ ቢል ጎረቤቴ ትወስዳታለች። ጎረቤቴ ወደ ሆለታ ብትመለስ የልጄ አስተማሪ አለች፤ ጠይቄያታለሁ።

እኔ መላ ላስተምራት ነበር ያቀድኩት። ሴትየዋ ለካ መላውን ከነመጠባበቂያው ብቻዋን ስታወጣ ኖራለች። አፈርኩ። ስህተቷንም አላረምኩም። ከዚያ ወደ ማሽኑ ጥያቄ ተመለስንና ሁላችንም አብረናት ተለማመድን፦ ማሽኑን ማጥፋት፣ ደሙን ማቆም፣ ሐኪም ቤት መላክ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁሉም ቀድማ መጣች። ከሰኞ ጀምሮ የቀን ፈረቃ እንደምትገባ ነገረችኝ፤ አቀፍኳት። ጥያቄውን አንስተውት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አነሱት። ሦስቱን ተራ በተራ አልኳቸው። ‹ከዚያስ?› አሉኝ። ከዚያ ያለውን ደግሞ አልተለማመድንም።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«ከዚያ የሠራተኛዋ እናት ቤት እኔው ሄጄ እነግራታለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም አልኳቸው።»