ባትሪዋ እንዳይበርዳት

ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ሊያገባ የሚፈልግ ሰውዬ ቤቱን ሊያሳየን ወሰደን...

ቤት ያልኩት ለአፍ እንዲመቸኝ ነው። ከደቡብ ሮተርዳም ወጣ ብሎ፣ ሆላንዶች በበጋ ጎመን የሚተክሉበት ቦታ ላይ የቆመች የእንጨት ጎጆ ናት። የመብራት መስመር አልገባላትም። ጣሪያዋ ላይ ሶላር፣ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ የሊትየም ባትሪ... አለቀ።

ሰውዬው ወንድም ግርማ ይባላል፤ የምናውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ከተማ ውስጥ ሻርሎይስ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ለቀን እዚያ እንድንገባለት ይፈልጋል። እማዬ «ቤቱን ልየውና መልሴን እነግርሃለሁ» ብላዋለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅም እንደማልናገር ሁሉም ያውቃል።

ውጭ ሣሩ በውርጭ ደርቋል። ውስጡም ያው ነው፤ ስንተነፍስ ከአፋችን እንፋሎት ይወጣል።

«እዚህ የመብራት ሂሳብ የሚባል ነገር የለም። ፀሐይ የጌታ ናት» አለ እየተንጎራደደ።

«ታዲያ ማሞቂያው ለምን አይሠራም?» አለች እማዬ።

«የሚነሳው በባትሪ ነው፤ ባትሪ ደግሞ አልቋል። ሊትየም ከዜሮ በታች ቻርጅ አይደረግም፣ በግድ ከሞላሽው ይበላሻል። መጀመሪያ መሞቅ አለባት።»

«ማን?»

«ባትሪዋ።»

ጋዙ ላይ ውሃ ጣደ። እማዬ ሻይ መስሏት ጓንቷን አወለቀች። እሱ ግን የፈላውን ውሃ በላስቲክ ኮዳ ሞላና ከባትሪዋ ሥር አስቀመጠላት። እማዬ በምትሠራበት የአዛውንቶች ቤት ለብርዳሞች አልጋ ውስጥ የሚያስገቡላቸው ዓይነት ኮዳ ነው።

«እህት ሙሉ፣ እስቲ ጋቢውን አንዴ» አላት።

እማዬ የደረበችውን ጋቢ አውልቃ ሰጠችው። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምቶ ሊያለብሰኝ መስሎኝ... ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ወደድኩት።

ባትሪዋን ጠቀለላት። ብርድ እንዳይገባባት ጫፉን ሳይቀር ከሥሯ ሸጎጠላት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እጁን ጫነባት።

«አይዞሽ፣ አሁን ይሞቅሻል» አለ።

ቀና አልኩ። ለካ እኔን አይደለም።

እማዬ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ታየዋለች። እሱ ደግሞ ከባትሪዋ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «ታዲያ ምን ወሰንሽ፣ እህት ሙሉ?» አላት።

እማዬ ተነሳች። ጋቢውን ገፈፈችና እኔ ላይ ደረበችው።

«ኧረ ቀስ... ትበርዳለች እኮ» አለ።

«ወንድም ግርማ፣ ለካ እርስዎ ባለትዳር ነዎት» አለችው እማዬ ቦርሳዋን እያነሳች። «እኛ አላወቅንም ነበር። ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።»

አሁን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ልጅቷ ናት ሐሳቧን ያስቀየረቻት» እያለ ያወራል አሉ።

እኔ እኮ እዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ ካወጣሁ... ያስነጠስኩ ጊዜ ብቻ ነው።